ለፊልም ማስተርስ ከማመልከትህ በፊት የመመረቂያውን ገጽ አንብብ

ጥያቄ፦
«ጤና ይስጥልኝ። የ28 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ጥቂት ጊዜ በሙያው ሠራሁ። ከዚያ ተውኩትና አሁን የምተዳደረው ሰርግና ምርቃት በመቅረፅ ነው። ልቤ ያለው ግን ፊልም ላይ ነው። እዚህ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ስለምታዘጋጅ አንዲት ሴት የ11 ደቂቃ ዶክመንተሪ ሠርቻለሁ፤ ሊንኩን ልኬልዎታለሁ። ውጭ አገር ሄጄ በፊልም ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ። ፊልም ተምሬ አላውቅም፤ ጂፒኤዬም 2.7 ነው። አባቴ ‹ሂሳብ ተምረህ ካሜራ ተሸክመህ ልትዞር ነው?› ይለኛል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስቴ ግን ‹አይዞህ፣ ስፖንሰር እሆንሃለሁ› ብላኛለች። ትምህርት ቤቶቹ ምን ምን ይጠይቃሉ? እንደ እኔ ያለውን ሰው ይቀበላሉ? ኤምኤና ኤምኤፍኤ የሚባሉትስ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለማመልከቻና ለትኬት እንዲሆነኝ ካሜራዬን ልሽጠው ወይ?
ባለካሜራው፣ ከሐዋሳ»

መልስ፦
ሰላም ባለካሜራው። በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ልበልህ። ፊልምህን ደጋግሜ አየሁት። ብዙ የምለው ስላለኝ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ያስጨነቀህን ላቅልልህ። የፊልም ዲግሪ አለመኖሩ ችግር አይደለም። አብዛኞቹ የፊልም ማስተርስ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖርህ ነው። በምን ተመረቅህ የሚለው ብዙም አያስጨንቃቸውም። ያሬድ ዘለቀን ታውቀዋለህ። «ላምብ» የተሰኘው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋዊው ምርጫ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ሰውዬው በመጀመሪያ ዲግሪው የተማረው ዓለም አቀፍ ልማት ነበር። ኖርዌይ ሄዶ የግብርና ኢኮኖሚክስም ጀምሮ ነበር። እሱን ትቶ ነው ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በድርሰትና ዝግጅት ኤምኤፍኤውን የያዘው። አንተም በአካውንቲንግህ አትፈር። እንዲያውም የት እንደሚጠቅምህ ኋላ እነግርሃለሁ።

2.7 ግን ትንሽ ያስቸግራል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም ዩሲኤልኤ ያለበት፣ ለድህረ ምረቃ ባጠቃላይ 3.0 ይፈልጋል። ስለዚህ ዩሲኤልኤን ከዝርዝርህ አውጣውና የማመልከቻ ገንዘብህን አድን። ሌሎቹ ግን መጀመሪያ የሚያዩት ሥራህን ነው፤ ትራንስክሪፕቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ጂአርኢ የሚባለውንም ፈተና የፊልም ኤምኤፍኤዎች አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቁም። ስለዚህ የጂአርኢ ቱቶሪያል ሊሸጥልህ የመጣ ሰው ካለ በሰላም ሸኘው።

ኤምኤና ኤምኤፍኤ ላልከው፣ ኤምኤው በተለይ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለ ፊልም ማጥናት ነው። ታሪኩን፣ ቲዎሪውን፣ ሂሱን ትማራለህ። ማመልከቻው ላይም ፊልም ሳይሆን የምርምር ጽሑፍ ናሙና ነው የሚጠይቁህ። ኤምኤፍኤው ግን መሥራት ነው። በአሜሪካ ደንብ የሙያው የመጨረሻ ዲግሪ ተደርጎ ይቆጠራል፤ በእሱ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ይቻላል። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቲሽ በሚባለው በአንዱ ትምህርት ቤት ሥር ሲኒማ ስተዲስም (ኤምኤው) አለ፣ ግራጁየት ፊልምም (ኤምኤፍኤው) አለ። አንዱን ሌላው መስሎት የሚያመለክት ሰው አለ፤ ተጠንቀቅ። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ስሙ ኤምኤ ሆኖ ሙሉ በሙሉ የተግባር የሆነ ፕሮግራም ሞልቷል። ስለዚህ ስሙን ተውና ለመመረቅ ምን እንደሚያሠሩህ እይ።

ዋናው ነገሬም ይኸው ነው። የሚጽፉልኝ ሁሉ የሚጠይቁኝ ስለ መግቢያ ነው። ለመመረቅ ምን እንደሚጠየቅ የሚጠይቀኝ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሰው የሚጎዳው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። መግቢያው ጥቂት ወር ያስጨንቅሃል። መውጫው ግን የሦስት፣ የአራት ዓመት ዕድሜህንና የማታውቀውን ያህል ገንዘብ ይወስናል። ትምህርት ቤቶቹ ይህን አይደብቁም፤ ድረ ገጻቸው ላይ የዲግሪ መስፈርት በሚለው ሥር ተጽፏል። እኛ ነን አፕላይ የሚለውን ተጭነን የምናልፈው።

ኒው ዮርክ ያለውን ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን ውሰድ። የፊልም ኤምኤፍኤው 60 ክሬዲት ነው። ኮርሶቹ በሁለት ዓመት ያልቃሉ። ከዚያ ቴሲስ፣ ማለትም የመመረቂያ ሥራው፣ አለ፤ ዲግሪውን ለመጨረስ በጠቅላላ እስከ አምስት ዓመት ይሰጡሃል። አምስት ዓመት ሲባል ደስ ይላል። በተማሪ ቪዛ ለሄደ ሰው ግን ሌላ ጣጣ አለው። ትምህርት ቤቱ ለቪዛ የሚሰጥህ አይ-20 የሚባለው ወረቀት ላይ ትምህርቱ የሚያልቅበት ቀን ተጽፏል። ቴሲስህ ከዚያ ካለፈ ማስረዘም አለብህ። ለማስረዘም ደግሞ በቂ ምክንያትና እንደገና የገንዘብ ማስረጃ ይጠየቃል። ኮርስ ጨርሰህ ፊልምህ ብቻ ቢቀርህም ምዝገባህን ላለማቋረጥ በየሴሚስተሩ የሚከፈል ነገር ይኖራል። ይህን ሳያውቅ ሄዶ ሦስተኛ ዓመት ላይ ራሱን የሚይዝ ተማሪ ብዙ ነው።

ሎስ አንጀለስ ያለው ኤኤፍአይ ኮንሰርቫቶሪ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። እዚያ ግን የምታመለክተው ከስድስት ሙያ አንዱን መርጠህ ነው፦ ዳይሬክቲንግ፣ ሲኒማቶግራፊ፣ ኤዲቲንግ፣ ፕሮዲዩሲንግ፣ ስክሪንራይቲንግ ወይም ፕሮዳክሽን ዲዛይን። ሲኒማቶግራፊ ብለህ ከገባህ የሌላውን ሰው ፊልም ትቀርጻለህ እንጂ የራስህን አታዘጋጅም። እዚያው ከተማ ያለው ዩኤስሲ (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ሦስት ዓመት ነው። እዚያ ሁሉም ሰው ሁሉንም እየነካካ ይጀምራል፤ ካሜራውንም፣ ድምፁንም፣ ኤዲቲንጉንም። አንተ እስካሁን ብቻህን ቀርጸህ፣ ብቻህን ኤዲት አድርገህ የኖርክ ሰው ነህ። ምን እንደምትፈልግ ገና ካልለየህ ኤኤፍአይ ያጣብብሃል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። ዩኤስሲ ውስጥ ለትምህርት የምትሠራው ፊልም መብቱ የትምህርት ቤቱ ነው። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ግን ፊልሙን ለተማሪው ይተዋል። ነገ ያንን አጭር ፊልም ወደ ረጅም ልቀይረው፣ ለቴሌቪዥን ልሽጠው ስትል ልዩነቱ ይገባሃል። የትም ብትገባ ከመፈረምህ በፊት ይህን ጠይቅ።

ከሁሉም ግን ከባዱ የመመረቂያ ፊልሙ ነው። አብዛኛው ቦታ ትምህርት ቤቱ ካሜራ፣ መብራትና ኤዲቲንግ ክፍል ይሰጥሃል። የተዋናዩን ምግብ፣ የመኪናውን ነዳጅ፣ የቦታውን ኪራይ የምትከፍለው ግን አንተ ነህ። በአስር ሺዎች ዶላር የሚያወጡ ተማሪዎች አሉ። ማውጣት ግዴታ ነው ማለቴ አይደለም። ትንሽ ገንዘብ ለሚበቃው ሐሳብ ከአሁኑ ብታስብ ግን ይሻልሃል። ኃይሌ ገሪማ ዩሲኤልኤ ሲማር ለመመረቂያ የሠራው «ቡሽ ማማ» ዛሬም ድረስ ይታያል፣ ይጠናል። ገና ተማሪ ሳለም እ.ኤ.አ. በ1974 አገር ቤት መጥቶ ሌላ ፊልም ቀርጾ ተመልሷል። ዛሬም ለቴሲሳቸው ወደየአገራቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ሐዋሳ መጥተህ ብትቀርጽ የቦታ ኪራይም የተዋናይ ሆቴልም አያስጨንቅህም። የትምህርት ቤቱን ካሜራ በቦሌ ስታስገባ ግን የጉምሩክ ወረቀቱ አስቀድሞ ይለቅ። እዚያ ቆሞ መለማመጥ አያዋጣም።

አሁን ወደ አክስትህ ልምጣ። ሳይሆን አይቀርም «ስፖንሰር እሆንሃለሁ» ስትልህ ወረቀት መፈረም ብቻ መስሏት ነው። ቁጥሩን ንገራት። በነዚህ የግል ትምህርት ቤቶች ለትምህርቱ ብቻ በዓመት ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ይከፈላል። ኒው ዮርክ ላይ የቤት ኪራይና ምግብ ሲጨመርበት በዓመት መቶ ሺህ ዶላር አካባቢ ይደርሳል። አይ-20 ለማግኘት ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት የሚሸፍን ገንዘብ በባንክ ማሳየት አለባችሁ። አንተ ግቢ ውስጥ መሥራት ብትችልም በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት አያልፍም። ከግቢ ውጭ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ለውጭ ዜጋ የአሜሪካ መንግሥት የተማሪ ብድርም የለም። አክስትህ ሌሊት ፈረቃ እየሠራች የቤቷን ሞርጌጅ የምትከፍል ሰው ከሆነች ይህንን ቁጥር ሳትሰማ አታስፈርማት። ኋላ በቤተሰብ መሃል የሚገባውን ቅሬታ ብዙ ቤት አይቼዋለሁ።

ስለዚህ በኔ አስተያየት፣ ስኮላርሺፕ ካልሰጡህ የአሜሪካን የግል ትምህርት ቤት እርሳው። ደጉን ዕድል ተከልክለህ አይደለም። በእዳ ተይዞ ፊልም የሚሠራ ሰው ለአሥር ዓመት የሌላውን ማስታወቂያ ሲቀርጽ ይኖራል። ፉልብራይት የሚባለውን የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ ግን ሞክር። አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ በየዓመቱ ጥሪ ያወጣል። የዓመቱን ማስታወቂያ በደንብ አንብበው፤ የትኞቹን የትምህርት ዘርፎች እንደሚቀበል፣ ስንት ዓመት እንደሚሸፍን። ሦስት ዓመት ለሚፈጅ ኤምኤፍኤ የሁለት ዓመት ገንዘብ ይዘህ ብትሄድ የመጨረሻው ዓመት ራስህ ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ ፉልብራይት ስትጨርስ ሁለት ዓመት አገርህ መቀመጥን ግዴታ ያደርግብሃል። ሐዋሳ መመለስ ለማትጠላው ለአንተ ይህ ቅጣት አይመስለኝም።

ለአንተ ዓይነት ሰው ይበልጥ የሚመቸኝ ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ነው። ዶክኖማድስ የሚባል የዶክመንተሪ ማስተርስ አለ። ሁለት ዓመት፣ አራት ሴሚስተር፣ 120 ክሬዲት በአውሮፓ አቆጣጠር። አንድ ሴሚስተር ሊዝበን፣ አንድ ቡዳፔስት፣ አንድ ብራስልስ ትማራለህ። የመጨረሻው የመመረቂያ ፊልምህን የምትሠራበት ነው። ስኮላርሺፑን ካገኘህ የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፤ ለኑሮ፣ ለጉዞና ለቪዛ ደግሞ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይሰጥሃል። ሚሊየነር አያደርግህም፤ ግን ከማንም ሳትበደር ትማራለህ። መውጫውን እይ ያልኩህም ለዚህ ነው። በየሴሚስተሩ በማታውቀው ከተማ፣ ቋንቋውን በማትችለው ሰፈር ፊልም ሠርተህ ማስረከብ ይጠበቅብሃል። ብቻውን ካሜራ ይዞ ሰው መሃል መግባት ለለመደ ሰርግ ቀራፂ ይህ ከባድ አይደለም። ስክሪፕት ጽፎ በሰላሳ ሰው ቡድን መሥራት ለሚፈልግ ግን አይሆንም። እንዲያ ያለው ሰው ኪኖ አይስ የሚባለውን፣ ያው በኢራስመስ የሚደገፈውን የልብ ወለድ ፊልም ማስተርስ ይይ። አንድ ማሳሰቢያ፦ እነዚህ ፕሮግራሞች ከአውሮፓ ኅብረት የሚያገኙት ገንዘብ ለተወሰኑ ዙሮች ነው። በዚህ ዓመት ስኮላርሺፕ መኖሩን ሳታረጋግጥ ማመልከት አትጀምር።

አገር ቤትም መርሳት የለብህም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ማስተርስ ፕሮግራም አለው። ለዚያ ብሔራዊውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ብዙዎች ጋት የሚሉትን፣ ማለፍ አለብህ። ከዚያ የትምህርት ክፍሉ የራሱ ምዘና ይኖረዋል። ብዙ ሰው ይህን «ውጭው ካልተሳካ» ብሎ ያስቀምጠዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ነገ ፊልምህን የሚቀርጸው፣ ድምፁን የሚይዘው፣ ሙዚቃውን የሚሠራልህ ሰው ያለው አዲስ አበባ ነው። ውጭ ተምረው የመጡ ልጆች ከሁሉ የሚቸግራቸው እዚህ አብሯቸው የሚሠራ ሰው ማጣት ነው።

እሺ፣ ፊልምህ። የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ከምናምን ቁረጠው። ድሮኑ በሐይቁ ላይ ይበራል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ያ የሚያለቃቅስ ኪቦርድ ይጀምራል። ሐዋሳ ቆንጆ ናት፤ እሺ። ይህንን ምስል ግን የሆቴሎቹ ማስታወቂያ ሁሉ ላይ አይቼዋለሁ። የማመልከቻ ፊልም የሚያይ ሰው ደግሞ በዚያ ቀን የሚያያቸው ሌሎች ብዙ ፊልሞች አሉት። መጀመሪያው ካልያዘው ወደ መጨረሻው አይደርስልህም። የሰርጉን ስሎው ሞሽንም አውጣ። ቢላዋው ቆሮሶ ዓሣውን ሲሰነጥቅ ለምን ይንቀራፈፋል? ሴትዮዋ ፈጣን ናት፤ ፍጥነቷ ነው የሚያስደንቀው።

አራተኛው ደቂቃ ላይ ግን አንድ ነገር አለህ። ስልኳ ይጮኻል። እጇ በቅርፊትና በደም ተለቅልቋል። ልጅቷ ስልኩን ከእናቷ ቀሚስ ኪስ አውጥታ ጆሮዋ ላይ ትይዝላታለች። ሴትዮዋ ቅርፊት መፋቋን ሳታቆም «አዎ፣ አዎ፣ መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ» ትላለች። ልጅቷ ወደ ካሜራው ታይና ሳቋን ትውጣለች። ከኋላ አንድ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አንገቱን ሰብሮ የዓሣ አንጀት ይጠብቃል። ወንድሜ፣ ፊልምህ ይህ ነው! አንተ ግን ዘጠኝ ሰከንድ ያህል አሳይተኸን ወደ ድሮኑ ተመለስክ። ከዚያ ጀምር። ማን ነበር የደወለው? የት ነበር መድረስ የነበረባት? እሱን ተከተል። እንደገና ሄደህ ቅረጽ፤ አሞራ ገደል ከቤትህ ሩቅ አይደለም። ድምፁንም በካሜራው ማይክ አትያዝ፤ ነፋሱ ንግግሯን ውጦታል። ሌላ ሰው ስልክ ላይ የተሰካ ትንሽ ማይክ ይዞ አጠገቧ ቢቆም ይበቃል። ሙዚቃውን ሙሉ በሙሉ አውጣው። የእንግሊዝኛ ሰብታይትሉን ደግሞ እንግሊዝኛው የተባ ሰው ይይልህ፤ «ሺ ኢዝ ኦን ዘ ወይ» የሚለው ቀልዱን ገድሎታል። ስድስት ደቂቃ ይበቃሃል።

ከሰርግ ሥራዎችህ ቆራርጠህ የሠራኸውን ማሳያ (ሾውሪል) አትላክ። በጣም ጎበዝ እንደሆንክ አይቻለሁ፣ ግን የሚያሳየው እጅህን ነው። እነሱ የሚፈልጉት ምን እንደምታይ ማወቅ ነው። ፊልም ከሌለህ ፎቶ ወይም አጭር ስክሪፕት የሚቀበሉ አሉ። እንደ ኮሎምቢያ ያሉት ደግሞ በጽሑፉ ነው የሚመዝኑህ።

ስለ ራስህ የምትጽፈው ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ፊልም እወድ ነበር» ብለህ አትጀምር። ሁሉም የሚጀምረው እንደዚያ ነው። አንተ በየሳምንቱ ሰው ቤት ገብተህ በቤተሰቡ ትልቅ ቀን መሃል ካሜራ ይዘህ የምትቆም ሰው ነህ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ሁሉም ሲጨፍር አባትየው ጓዳ ገብቶ ብቻውን ሲቆም ስንት ጊዜ አይተሃል? ያንን ቀርጸህ፣ ደንበኛው «እሱን አውጣው» ያለህ ቀን የለም? እሱን ጻፍ። ከዚያ ለምን ይህ ትምህርት ቤት የሚለውን በሁለት አንቀጽ ጨርስ። እዚህ ላይ የመመረቂያውን ገጽ ማንበብህ ይጠቅምሃል። «የመመረቂያ ፊልሜን አሞራ ገደል መጥቼ፣ በዚህ ያህል ወጪ መሥራት እችላለሁ» ብለህ ብትጽፍ ከመቶ አመልካች የሚጽፈው ጥቂት ነው። አካውንቲንጉ የሚጠቅመውም እዚህ ነው። በጀት ማውጣት የሚችል ፊልም ሠሪ ብርቅ ነው። ኮሎምቢያ እንዲያውም ፕሮዲዩሲንግን ለብቻው በኤምኤፍኤ ይሰጣል።

የድጋፍ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ሦስት ይጠየቃል። ስምህን የማያስታውስ የኦዲቲንግ መምህርህ የሚጽፈው «ጥሩ ተማሪ ነበር» ምንም አይፈይድልህም። አብሮህ የሠራ ሰው ፈልግ፤ ቪዲዮ የሠራህለት ድርጅት ኃላፊ፣ የክልሉ ቴሌቪዥን ላይ ያለ ኤዲተር። አገራችን ውስጥ «ራስህ ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» የሚልህ አይጠፋም። አታድርገው። ደብዳቤው የሚገባበት ሊንክ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ በእሱ ኢሜይል ይላካል። በአንተ አማካይነት የተከፈተ ጂሜይል ላይ ከሄደ ማመልከቻህ ሊሰረዝ ይችላል። ይልቅ ምን እንደሠራችሁ የሚያስታውስበት ግማሽ ገጽ ማስታወሻ አዘጋጅለት።

ወረቀቱን በቶሎ ጀምር። ስቱደንት ኮፒ ለማመልከቻው ሊበቃ ይችላል፤ ሲቀበሉህ ግን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይፈልጋሉ። እሱን ለማውጣት ደግሞ ኮስት ሼሪንግህን መጨረስ አለብህ። ያልከፈልክ ከሆነ ከአሁኑ ተራ ያዝ። ሬጂስትራር ስትሄድ በዚያው ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፍ፤ በእሱ ቶፍል የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና የሚተው ትምህርት ቤት አለ። የማይተው ከሆነ ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን አትርሳ፤ በጣም ቀድመህ አትፈተን። ዲግሪህና ፓስፖርትህ ላይ ያለው የስምህ ስፔሊንግ አንድ መሆኑንም አረጋግጥ። በአንድ ፊደል ስንት ሰው ተንገላታ!

አባትህን በክርክር አታሸንፈውም። አትሞክረው። የተቆረጠውን ስድስት ደቂቃ አሳየው። እሱ እንደሚስቅ እርግጠኛ ነኝ፤ «መንገድ ላይ ነኝ» ያላለ የሐዋሳ ሰው የለም። ከዚያ የ1,400 ዩሮውን ነገር አንሳለት። የሂሳብ ሰው ልጅ ማሳደግ የፈለገ አባት ቁጥር ይገባዋል።

ካሜራህን አትሽጥ። የኢራስመስ ማመልከቻዎች ብዙዎቹ ክፍያ የላቸውም። የአሜሪካዎቹ ቢኖራቸውም ፊ ዌቨር፣ ማለትም ከማመልከቻ ክፍያ ነፃ መሆንን፣ በኢሜይል በትህትና ጠይቅ፤ የሚፈቅዱ አሉ። ዶላር ካርድ ቢያስቸግርህ አክስትህ የምትረዳህ እዚህ ላይ ነው። ቪዛ ጋ ብትደርስ ደግሞ ሴቪስ የሚባለውን የውጭ ተማሪ ምዝገባ ክፍያ፣ 350 ዶላር፣ ትክፈልልህ፤ ያ ከአቅሟ በላይ አይሆንም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካዎቹ አብዛኞቹ የሚዘጉት በፈረንጆቹ ታኅሣሥ ነው። የኢራስመሶቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ነው፤ ማለትም በኛ ጥር አካባቢ። ጥር ላይ አንተ ቅዳሜ ሰርግ፣ እሁድ መልስ፣ ሰኞ ኤዲቲንግ ነህ። ስለዚህ አሞራ ገደል ሄደህ የምትቀርጸውን ጥቅምት ላይ ጨርስ። ፊልሙም፣ ጽሑፉም፣ ደብዳቤዎቹም ከገና በፊት ይለቁ፤ ለአሜሪካዎቹ ከሆነ ደግሞ ከመዝጊያ ቀናቸው በፊት። የጥርን ሰርግ በሙሉ ተቀበል፤ ለትኬቱ የሚሆንህ ያ ነው። አዲሱን ኤዲት ስትጨርስ ሊንኩን ላክልኝ፤ ከማስገባትህ በፊት አየዋለሁ።